ባለፋኖሱ ከየት ይጀመራል

ሰውየው አፉን ሳይዘጋ ነበር የሚያኝከው። ዳቦው ከሻይ ጋር ቦክቶ በጉንጩ ሲዞር ይታያል። በዚያው አፍ «እንደሱ ያለ ልጅ አይገኝም» አለ። ፍርፋሪ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። በጣቱ ለቅሞ መልሶ ጎረሰው።

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልጁን ከቀበረ ወዲህ የማይቀፈው ነገር የለም። የተሰበሰበው ሰው ካልሲ ሽታ ይቀፈዋል። ከጎረቤት የተዋሱት ወንበር ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ ይቀፈዋል። በር ላይ ሲደርሱ ጮኸው አልቅሰው፣ ቁጭ እንዳሉ ስለ ቤት ኪራይ የሚያወሩት ይቀፉታል። ዕድሜውን ሙሉ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። በተደፈነ ቱቦ ውስጥ ክንዱን እስከ ብብቱ እየከተተ ነው ልጁን ያሳደገው፤ የሰው ቆሻሻ አስጠይፎት አያውቅም። ቆሻሻ መጥፎ እንደሚሸት ማንም ያውቃል፤ ቆሻሻ ሽታውን ለመሸፈን ሽቶ አይቀባም። ሰው ግን ይቀባል።

«ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው?» አለ አኛኪው። «የታመመም አይመስል።»

መልሱን ሁሉም ያውቃሉ። ከአባትየው አፍ ሲወጣ መስማት ነው የፈለጉት።

«ጨዋታ ገደለው» አለ ሽማግሌው።

«የምን ጨዋታ?»

«የቴሌቪዥን። ጌም የሚሉት። ሚስት ያገባ፣ ጢም ያበቀለ ሰው ማታ ማታ ከጭራቅ ጋር ሲታገል ያመሻል። ጠዋት ሊፍት ሊጠግን ይሄዳል። እንቅልፉን ሳይጠግብ የሊፍቱ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመ፣ ወደቀ። በቃ።»

«ስንቴ መከርነው!» አለች የሽማግሌው ታላቅ እህት ከማዶ። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ከቤቱ አልወጣችም። ማን ምን ይዞ እንደመጣ፣ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን ዓይኑን በደረቁ እንዳሻሸ እሷ ናት የምትቆጣጠረው። «ስንቴ! ጆሮ ዳባ ልበስ አለ እንጂ።»

ምራቱ ሻይ በትሪ ይዛ መሐል ላይ ቆማ ነበር። መነጽር ቤት የምትሠራ ቀጭን ሴት ናት፤ ስትናገርም ስትራመድም የተኛ ሰው የምትቀሰቅስ ይመስል ትጠነቀቃለች። ትሪው ላይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ቀና ብላ አላየችም። ሻዩን አድላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ምስኪን፣ አለ ሽማግሌው በልቡ። በቤቱ ካለው ሰው ሁሉ እሷ ብቻ ነበረች የማትቀፈው።

ቤቱ የሱ ነው። ልጁ ሲያገባ ትልቁን ክፍል በችፑድ ግድግዳ ከፍሎ ሰጠው። ችፑድ ዓይን ይከለክላል እንጂ ድምፅ አያስቀርም። ምሽት ላይ ራት ተበልቶ ሲያበቃ ከወዲያ ይጀመራል። መጀመሪያ ሙዚቃ ይመጣል። ቀጥሎ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ድንጋይ ይፈርሳል፣ የሆነ ፍጥረት እየታረደ እንዳለ ሁሉ ያጓራል። ከዚያ ሁሉ በላይ የልጁ ድምፅ ይሰማል። «በሩ! በስተግራ! መጣ፣ መጣ፣ ከኋላ!» ከዚያ ሳቅ። የምራቱ ድምፅ ግን የለም።

ሽማግሌው ጆሮውን የሚያምን ሰው ነው። በሥራው ዘመን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አዳምጦ ውሃው የሚያንጠባጥብበትን ቦታ በጣቱ ያሳይ ነበር፤ ሲቆፈር እዚያው ይገኛል። ስለዚህ ሳያይ ፈረደ። ልጁ ይጫወታል፤ ሚስትየዋ አጠገቡ ተቀምጣ ባል እስኪሆናት ትጠብቃለች።

አንድ ምሽት በሩን ገፍቶ ገባ። ቴሌቪዥኑ ላይ ፋኖስ የያዘ ሰው እስከ ጭኑ ድረስ ጥቁር ዝቃጭ ውስጥ ቆሟል። ከፊት ለፊቱ አንጀት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ነገሩ ይንቀሳቀሳል። ባልና ሚስት አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በእጅ የሚያዘው ባለቁልፍ መጫወቻ በመካከላቸው ነበር።

«የማን ነው ይሄ?» አለ።

ልጁ መጫወቻውን አፈፍ አድርጎ ጭኑ ላይ አኖረው። «የኔ ነው፣ አባዬ።»

«አታፍርም?»

ልጁ አንገቱን ደፋ።

«እኔ አንተን ለማሳደግ የእውነት ፍሳሽ ውስጥ ቆሜያለሁ። አንተ የውሸቱ ውስጥ ቆመህ ትስቃለህ። ትቀፈኛለህ።»

አባት ለልጁ የሚለው ቃል አልነበረም። ግን ወጣ፤ ከወጣ በኋላም ሽማግሌው ለመመለስ አልሞከረም። ይልቁንም ጨመረበት። በዘመድ ሠርግ ላይ፣ ልጁ አዲስ ኮት ለብሶ ሲገባ፣ «ሕፃኑ መጣ፤ ወተት ስጡት» አለ። ሰው ሳቀ። ልጁም አብሮ ሳቀ። ምራቱ አልሳቀችም። በባሏ ያፈረች መሰለውና አዘነላት።

የልጁ የሥራ ባልደረቦች ከሰዓት በኋላ መጡ። ሁለት ናቸው። አንዱን በርሜል ሌላውን ሽቦ ይሏቸዋል፤ ስሙን ያወጣላቸው ሟቹ ነው፣ እነሱን ያየ ደግሞ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ከነቱታቸው ነበሩ፤ የማሽን ግራሶ ይሸታሉ። ሽማግሌው ከተቀመጠበት ብዙም ሳይርቁ ጥግ ይዘው መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ሹክሹክታ ጀመሩ።

«እኔ ጌሙን ከአንደኛው ክፍል ነው የምጀምረው» አለ በርሜል። «ሰው ቤት የሚገባው በበር ነው።»

«በሩ ከዛገስ? አንደኛው እኮ የድሮ ነው። የባለፋኖሱ ፊት ራሱ የጫማ ካርቶን ነው የሚመስለው። ትንሽ እንደዞርክ ዓይንህ ይዞርና ትጥለዋለህ።»

«ታዲያ ከየትኛው ልጀምር?»

«ከአራተኛው። ልጅነቱ ያለው አራተኛው ላይ ነው። ፋኖሱን ማን እንደሰጠው፣ ለምን የተቀበረ ከተማ ሲፈልግ እንደሚኖር፣ ሁሉንም እዚያ ታገኘዋለህ። ከዚያ አንደኛውን፣ ከዚያ ሁለተኛውን።»

«ከአንድ በፊት አራት? ቁጥር የት ነው የተማርከው አንተ?»

«አንተ አጠገብ ተቀምጬ።»

«አዲሱን ብጀምርስ? ስምንተኛውን? እሱ እኮ የዝናቡ ጠብታ እንኳ ሲወርድ…»

«ኧረ ተው! ስምንተኛውን ከለመድክ በኋላ ማን ወደ ኋላ ይመልስሃል? ከነሽበቱ የሚወለድ ሰው አይተሃል?»

በርሜል ሊስቅ ሲል አፉን በመዳፉ አፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ሽማግሌው ተነሳ። ሲነሳ ወንበሩ ጮኸና ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«እናንተ» አለ። «የልጄ መቃብር አፈሩ ገና አልደረቀም። የገደለውን ነገር ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ታማርጣላችሁ? ሥጋ ቤት መሰላችሁ?»

በርሜልን ላብ አጠመቀው። ለመቆም ሞከረ፣ ወንበሩ አብሮት ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ። «ይቅርታ አባባ። ለክፋት አይደለም። እሱ ሁልጊዜ ይነዘንዘን ነበር፤ ጀምሩ፣ አብረን እናወራዋለን እያለ። እኛ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እንላለን። አሁን ለሱ ስል ልጀምር ብዬ ነው። ከየት እንደሚጀመር ግን አላውቅም። እሱንም ስጠይቀው ሚስቴን ጠይቃት ነበር የሚለኝ።»

«ለምን ሚስቱን?»

ሽቦ በክርኑ ጎሸም አደረገው። በርሜል አልገባውም።

«የምትጫወተው እሷ ናት እኮ።»

«እሱ ነው የሚጫወተው» አለ ሽማግሌው። «በጆሮዬ ስሰማ የኖርኩትን ነው የምነግርህ። ሲጮኽ ነው የሚያመሸው።»

«አባባ፣ የሚጫወት ሰው አይጮኽም። ፋታ ከየት አምጥቶ? የሚጮኸው አጠገቡ የተቀመጠው ነው።» በበርሜል ፊት ላይ ሰውን የማስረዳት ደስታ ብልጭ አለ። «እሱማ እጁ አይታዘዝለትም። ራሱ ነው እየሳቀ የሚነግረን፤ ገና የመጀመሪያው ድልድይ ላይ ሁልጊዜ ይወድ…»

የቀረውን ቃል ዋጠው። ሻይ የያዘ ሁሉ ብርጭቆውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

«እንግዲያስ እሷ ናት!» አለች ታላቅ እህት። እንደ ዳኛ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ይቺ ሴት እንባ የላትም ስል ቆይቻለሁ፤ ይኸው ምክንያቱ። ባሏን እያስመሸች፣ እንቅልፍ እየነሳች፣ ጠዋት ወደ ጉድጓድ የሰደደችው እሷ ናት። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ አባቱ ነው። ጨዋታ ገደለው!»

አኛኪው ከንፈሩን መጠጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። ምራቱ ጓዳው በር ላይ ባዶ ትሪ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች።

ሽማግሌው የገዛ ቃሉ ከእህቱ አፍ ሲወጣ ሰማ። እህቱ አንድ ነገር አልጨመረችበትም። በሌላ ሰው አፍ ተላምጦ ሲመለስለት ግን ቀፈፈው።

«ብዙ አናመሽም» አለች ምራቱ። ድምፅዋን ለመስማት ሰዉ አንገቱን አሰገገ። «ከራት በኋላ ትንሽ። እርስዎ መብራት ሲያጠፉ እኛም እናጠፋለን።»

«ታዲያ ዓይኑ ለምን ደም ለብሶ ነበር የሚወጣው?» አለች እህት።

«እንቅልፍ የሚያጣውስ በሌላ ነው» አለ ሽቦ። ከመጣ ጀምሮ ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። «ለእኛ ነግሮናል። ማታ ማታ አባቱ…»

«ሻይህ ቀዝቅዟል፤ ልቀይርልህ» አለች ምራቱ። መጥታ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደች። ሻዩ ሙሉ ነበር። እንፋሎቱ ገና ይወጣል።

ሽማግሌው እንፋሎቱን አየ። ሽቦ ሴትየዋን አያት፣ ነገሩን እንዲተው መፈለጓ ገባው።

«ለማንኛውም በእንቅልፍ አይደለም የወደቀው» አለ ሽቦ ቀስ ብሎ። «አጠገቡ ነበርኩ። ነቅቶ፣ እየቀለደብኝ ነበር። የቆመበት ጣውላ ነው የተሰበረው። በዚያው ጣውላ ከሱ በፊት እኔም አልፌያለሁ፣ በርሜልም አልፏል። በርሜል እንኳ አልፏል።»

ማንም አልሳቀም። በርሜል እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ከቶ ያለቅስ ጀመር።

«ይሄን ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ ሽማግሌው።

«ነግረንዎታል አባባ። መቃብሩ ላይ። እሺ፣ እሺ ብለውናል።»

ሽማግሌው አስታወሰ። እሺ ብሏል። ቃሉ በጆሮው ገብቶ ነበር። ጣውላ የሚባል ነገር ግን ምን ያደርግለታል? ጣውላን ማን ይሰድባል? በልጁ መቆጣት ይሻለው ነበር፤ ልጁን መቆጣት ለምዶታል።

ቱቦ መንገድ ላይ ሲደፈን ፍሳሹ ተመልሶ የሚገነፍለው ከላኪው ቤት ነው። ይህን ለስንት ደንበኛ አስረድቷል። አሁን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የላከው ቃል ወደ ራሱ ሲመለስ ተሰማው። ሰው ያጽናችሁ እያለ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። እሱ እጁን ይሰጣል፣ እጁን ይቀበላል። የእህቱን ሹክሹክታ ይሰማል፤ «ልጅ እንኳ አልወለደችለት፣ ምን ይይዛታል?» ስትል ይሰማል። ስልክ ይዛ ወደ ግቢ ስትወጣም አየ።

ሰው ሳሳ ሲል ከችፑዱ ወዲያ ወዳለው የልጁ ክፍል ሄደ። በዚያ በር ገፍቶ እንጂ አንኳኩቶ ገብቶ አያውቅም። አንኳኳ።

ምራቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እግሯ ሥር የተዘጋ ሻንጣ አለ።

«ወንድሜ ሊወስደኝ ይመጣል» አለች። «እትዬ ደውለውለታል።»

ሽማግሌው በሩን ዘጋና ቆመ። «ማታ ማታ አባቱ ምን?»

«ምንም።»

«ሻዩ ትኩስ ነበር።»

የአንሶላውን ጫፍ አጠፈች፣ ዘረጋች። «ያስላሉ» አለች በመጨረሻ። «ሲያስሉ ይነቃል። ሳሉ ሲቆም ደግሞ የባሰ ይፈራል። ተነስቶ በርዎ ላይ ይቆማል፤ ተመልሶ እስኪተኛ አንዳንዴ ይነጋል። እንዳልነግርዎት አስምሎኛል። አባዬ ካወቀ ሳሉን ለማፈን ትራስ ነክሶ ነው የሚያድረው ይል ነበር።»

«እንግዲያው እንቅልፍ የነሳሁት እኔ ነኝ» አለ ሽማግሌው።

«እርስዎ አልገደሉትም» አለች ፈጥና። «እኔም አልገደልኩትም። ጣውላ ነው ብለዋል እኮ።»

«ያን ምሽት ለምን የኔ ነው አለኝ?»

«የመጣሁ ሰሞን ነበር። በሩን ሲከፍቱ ደነገጥኩ። አፌን ሳልከፍት እሱ አነሳው። በኋላ እውነቱን እንንገራቸው ስለው እምቢ አለኝ። እኔ ብቀፈው ልጁ ነኝ፣ አንድ ቀን ያልፍለታል፤ አንቺን አንዴ ከጠላሽ ግን አይመለስም፣ አውቀዋለሁ አለኝ።»

ሽማግሌው የሚከራከርበት ነገር ፈለገ። አላገኘም። ልጁ በትክክል ነበር ያወቀው። እሷ ብትሆን ኖሮ የበላችበትን ሰሃን ለብቻ ያስቀምጥ ነበር። ያን ሁሉ ስድብ ልጁ የተሸከመው የአባቱን ጠባይ አይቶ፣ መዝኖ ነው። ከሰማው ሁሉ ይሄ ቀፈፈው፤ እንዲህ መታወቁ።

በሩ ተበረገደ። እህቱ ናት። «እዚህ ምን ትሠራለህ? ሰው መጥቷል። አንቺም ሻንጣሽን ወደ ደጅ አስጠጊው፤ ወንድምሽ ሲመጣ እንዳይጉላላ።»

«ደውለሽ አትምጣ በዪው» አለ ሽማግሌው።

«ማንን?»

«ወንድሟን። እሷ የዚህ ቤት ሰው ናት። መሄድ ካማራት በፈቃዷ፣ ሰው እያያት፣ እኔ ሻንጣዋን ተሸክሜላት ትሄዳለች። ጨዋታ ገደለው ያልኩት ውሸት ነው፤ ዋሽቻለሁ። ወጥተሽ እንደዚያ በዪ።»

«በሰው ፊት? ምን ይሉናል?»

«የፈለጉትን። ያ የሚያኝከው ሰውዬ ካለ ደግሞ አፉን ዘግቶ ይብላ።»

«ሐዘን አናቱ ላይ ወጣ» አለች እህት ለራሷ። ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች አይታ ወጣች። የወንበር መጎተት ተሰማ፣ ከዚያ ሹክሹክታ።

ሽማግሌው ሻንጣውን አየ። «አልከለክልሽም» አለ። «ከመሄድሽ በፊት ግን ንገሪኝ። እኔ ብሆን ከየትኛው ነው የምጀምረው?»

«ምኑን?»

«የእሱን። ያንቺን ማለቴ ነው። ባለፋኖሱን።»

ምራቱ ቀና ብላ አየችው። የሚያሾፍባት መስሏት ነበር። ፊቱን ስታይ እንዳልሆነ ገባት። መነጽር ቤት የሚመጣ ሰውን እንደምታይ አየችው፤ አፍንጫውን ሳይሆን ዓይኑን።

«እነበርሜል ሁለቱም ተሳስተዋል» አለች። «ለሁሉም ሰው አንድ መጀመሪያ የለውም። የጎረቤቱን መነጽር ያደረገ ራሱን ነው የሚያመው። በርሜል ቶሎ ይሰለቻል፤ አዲሱን ይጀምር። ሽቦ ለራሱ አውቋል፣ አራተኛው ይሆነዋል። እርስዎ… መታገሥ የማይችሉት ምንድን ነው?»

«ጩኸት» አለ። «ደም። የሰው አፍ። የማስመሰል ልቅሶ።»

«ሌላስ?»

ወደ ችፑዱ አየ። «የራሴን ድምፅ።»

ምራቱ ራሷን ነቀነቀች። ከመደርደሪያው አንዱን የጨዋታ ሲዲ መርጣ አወጣች። «እንግዲያው ስድስተኛው ነው። ማንም አይወደውም፤ ቀርፋፋ ነው ይሉታል። ብዙ መንገድ እስኪሄዱ የሚያናግርዎት የለም። ሜዳና ነፋስ ነው።»

ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መጫወቻው እጁ ውስጥ ጠፋ። በመፍቻ የወፈረው አውራ ጣቱ ሁለት ቁልፍ ባንዴ ይሸፍናል። ቴሌቪዥኑ በራ። ሰፊ ሜዳ፣ የጎበጠ ሣር፣ በሩቁ ተራራ። መሐሉ ላይ ፋኖስ የያዘ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«አሁንስ?»

«በግራ አውራ ጣትዎ ወደ ፊት ይግፉት። ይሄዳል።»

አልገፋም። ሰውየው እንደቆመ ነው። ትከሻው በዝግታ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ደግሞ ከፍ አለ።

«ይተነፍሳል እንዴ?» አለ ሽማግሌው።

«ካልነኩት እንደዚያ ቆሞ ይተነፍሳል።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ፈለጉ ድረስ።»

ሽማግሌው አውራ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ። መጫወቻውን ምንም ሳይነካበት፣ ሙሉ ብርጭቆ እንዳይፈስበት እንደሚፈራ ሰው፣ ጉልበቱ ላይ ቀስ አድርጎ አኖረው።